የወሩን መጽሐፍ መምረጥ፦ አምስት የአማርኛ ልቦለዶች ጎን ለጎን

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጀምሮ የተወ ሰው ፈልጉ ብትባሉ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ሳትደርሱ ታገኛላችሁ። መጽሐፉን ጠልቶት አይደለም። ታክሲ ውስጥ የሚነበብ መስሎት ይዞት ወጣ፣ ሦስት ቀን በየመሐሉ አምስት አምስት ገጽ ቀነጨበ፣ በአራተኛው ቀን ማን የማን ልጅ እንደሆነ ተምታታበት፣ መጽሐፉም ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጦ ቀረ። «አደፍርስ»ን የተዉት ደግሞ ከሥራ መልስ ደክሟቸው አልጋ ላይ የገለጡት ናቸው። ሁለቱም ግሩም መጽሐፍ በማይሆን ሰዓት ከፈቱ።

ከዚህ በታች ያሉትን አምስት ልቦለዶች ያነጻጸርነው በአንድ ወር ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ካነበብናቸው በኋላ ነው። የትኛው ደራሲ ይበልጣል የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ ትተነዋል። የምንለካው ሦስት ነገር ነው፦ መጽሐፉ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ አማርኛው ምን ያህል ትኩረት ይጠይቃል፣ የት ተቀምጦ ይነበባል። መሐል አዲስ አበባ ሠርቶ ለሚኖር ሰው ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ አያንስም።

መጀመሪያ የራስን ፍጥነት

ሰዓት ይዛችሁ ከመጽሐፉ አሥር ገጽ አንብቡ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ተዉአቸው፤ እዚያ ሰው ሁሉ ጠንቀቅ ብሎ ስለሚያነብ መለኪያው ይዛባል። ከ30ኛው እስከ 40ኛው ገጽ ያለው ይሻላል። አሥሩን በ20 ደቂቃ ከጨረሳችሁ በሰዓት 30 ገጽ ትሄዳላችሁ ማለት ነው። ወራችን ድፍን 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 540 ገጽ ያለው መጽሐፍ በቀን 18 ገጽ፣ በዚህ ፍጥነት 36 ደቂቃ። ግን ሠላሳውንም ቀን አትቁጠሩ። ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ እንግዳ ይመጣል፣ መብራት ይጠፋል። በ24 ቀን አስሉት፤ ያው መጽሐፍ በቀን 22 ወይም 23 ገጽ፣ ማለትም 45 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። አርባ አምስት ደቂቃ በአንድ መቀመጫ የማታገኙ ከሆነ የወሩ ምርጫችሁ ረጅሙ መጽሐፍ መሆን የለበትም።

ፍጥነታችሁ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። በ«ኦሮማይ» በሰዓት 30 ገጽ የሚሄድ ሰው በ«አደፍርስ» 15 ቢሄድ ምንም አያስገርምም። ስለዚህ ልኬቱን ለእያንዳንዱ መጽሐፍ እንደ አዲስ ውሰዱ።

ፍቅር እስከ መቃብር፦ ጠረጴዛና ጸጥታ ለሚያገኝ

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ከአምስቱ ረጅሙ እሱ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ስለሆነ ሁለቱን ፍለጋ ይገባል። መጽሐፉ ግን የሚጀምረው ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። ፍቅረኞቹ እስኪገናኙ ድረስ ትዳር አለ፣ ስለት አለ፣ የቆሎ ተማሪ ኑሮ አለ። አንባቢ መጀመሪያ የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። «ዋናው ታሪክ መቼ ይጀምራል?» ይላል። ዋናው ታሪክ ከተጀመረ ቆይቷል፤ ወላጆቹ ስለ ልጃቸው የገቡት ስለት ነው ኋላ ሁሉን ነገር የሚያስረው። እነዚህን ምዕራፎች የዘለለ ሰው በዛብህ ከራሱ ጋር ለምን እንደሚታገል አይገባውም፣ ፈሪ ብቻ ይመስለዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት የቃል ስብስቦችን ብታጠሩ መንገዱ ይቀላል። የመጀመሪያው የመሬት ነው። ርስት ከአባት ከእናት በዘር የሚወረስ መሬት ነው። ጉልት ደግሞ መሬቱን ሌላው እያረሰው ከእሱ ግብር የመቀበል መብት ነው። ገባር ያንን ግብር የሚከፍለው ነው። በሰብለ አባት በፊታውራሪ መሸሻና በገበሬዎቹ መካከል የሚነሳው ግጭት በእነዚህ ሦስት ቃላት ላይ ይሽከረከራል። ሁለተኛው የማዕረግ ነው፦ ደጃዝማች ከፊታውራሪ በላይ፣ ፊታውራሪ ከቀኛዝማች በላይ፣ ቀኛዝማች ከግራዝማች በላይ። ሰብለ ለማን ትዳር የሚለው የቤቱ ጭንቀት ይህን ደረጃ ለማያውቅ አንባቢ ትርፍ ወሬ ይመስለዋል። ለሚያውቀው ግን አባቷ አንዱን ጠያቂ በመለሱ ቁጥር ልጅቱ ላይ በር ሲዘጋ ይሰማዋል።

ሁለተኛው የመቋረጫ ቦታ የጉዱ ካሣ ረጅም ንግግሮች ናቸው። ስሙ ካሣ ዳምጤ ነው፤ «ጉዱ» ያሉት ልማድን ስለሚተች ነው። ንግግሮቹን እንደ ተራ ምልልስ በዓይን ብቻ ብታልፏቸው ይከብዳሉ። ድምፅ አውጥታችሁ፣ አንዱን ንግግር በአንድ ጊዜ ያለ ማቋረጥ አንብቡት። ሀዲስ የቅኔ ቤት ሰው ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩ የተሠራው ለጆሮ ነው፣ ነጠላ ሰረዙም ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ ያሳያል። በልባችሁ ስታነቡ ረጅም የመሰለው ዓረፍተ ነገር በአፍ ሲነበብ በሦስት ትንፋሽ ያልቃል።

ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ቅጂ ዛሬም በስልክ ይደመጣል። ታዲያ ማዳመጥ ማንበብን ይተካል ወይ? የወጋየሁ ድምፅ ጎጃምን ቤታችሁ ድረስ ያመጣዋል፤ የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ፣ የጉዱ ካሣ ምሬት ሰው ሆኖ ይቆማል። ችግሩ የእሱ ፊታውራሪ አንዴ ጆሯችሁ ውስጥ ከገባ የራሳችሁን ፊታውራሪ መፍጠር አለመቻላችሁ ነው። የምንመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች አንብቡ፣ እነሱኑ አዳምጡ፣ ከዚያ ትረካውን ዝጉና እስከ መጨረሻው በመጽሐፉ ሂዱ። ትረካውን ሙሉውን ለመስማት መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ሌላ ወር አለ። ዓይኑ ለሚደክም ሰው ግን ትረካው ብቻውን ሙሉ ምግብ ነው፤ እናትና አባታችሁ ቤት ካሉ አብራችሁ አዳምጡት።

ይህን መጽሐፍ ታክሲ ውስጥ አታንብቡት። ከባድ ነው፣ ጀርባው ይሰበራል፣ የጀመራችሁት አንቀጽ መሐል ላይ «ወራጅ አለ» ማለት ይመጣል።

ኦሮማይ እና ከአድማስ ባሻገር፦ አንድ ደራሲ፣ ሁለት ዓይነት ወር

የበዓሉ ግርማ ሥራዎች ለከተማ አንባቢ የተመቹ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ምልልሱ ፈጣን ነው፣ ሰዎቹ ቢሮ ገብተው ይወጣሉ፣ ቡና ቤት ይቀመጣሉ። ግን ሁለቱ መጻሕፍት የሚመጥኑት የተለያየ አንባቢ ነው።

«ከአድማስ ባሻገር» በ1962 የታተመ ቀጭን መጽሐፍ ነው። አበራ ወርቁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ነፍሱ ግን ሥዕል ላይ ናት። ወንድሙ ሥራህን ያዝ፣ ጎጆ ውጣ ይለዋል፣ እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ያምረዋል። ደመወዝ እየበላ ሌላ ሕይወት የሚመኝ ሰው የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሲያነብ ስለ ራሱ የተጻፈ ይመስለዋል። ከስምንት እስከ አሥር ቀን ይበቃዋል። ለጀማሪ፣ ለረጅም ጊዜ መጽሐፍ ላልያዘ፣ እንደገና ወደ ንባብ ለሚመለስ ሰው መጀመሪያ የምንሰጠው ይህንን ነው። ድክመትም አለው። በመሐሉ ሐሳብ የሚያወሩት ሰዎች አንዳንዴ ሰውነታቸው ይቀንስና ሐሳቡ ብቻ ይናገራል። እዚያ ላይ ፍጥነታችሁን ጨምሩ እንጂ አታቁሙ።

«ኦሮማይ» ሌላ ነገር ነው። በ1975 ታተመ፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህን ሁሉ አንባቢው ስለሚያውቅ መጽሐፉን የሚከፍተው እንደ ምስጢር ሰነድ ነው። ትልቁ ስሕተትም እዚህ አለ። «ይሄ ባለሥልጣን እከሌ ነው፣ ያቺ እከሊት ናት» እያሉ ስም ማዛመድ ንባቡን ይበላዋል። ሰው ሃምሳ ገጽ ሄዶ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ተራኪው ጋዜጠኛ ጸጋዬ ኃይለማርያም ግን ምን እየሆነ እንደሆነ አላየም። የመጽሐፉ ልብ ጸጋዬ ነው፤ ለመንግሥት ቅስቀሳ አሥመራ የተላከ፣ አዲስ አበባ እጮኛውን ትቶ የሄደ፣ ሥራውንና ዓይኑ የሚያየውን ማስታረቅ ያቃተው ሰው። ስም የማዛመዱን ነገር ለሁለተኛ ንባብ አቆዩት፤ ያኔ ጣዕም ይኖረዋል።

መነሻው እውነተኛ ነው፦ ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ የከፈተው፣ በ1974 አሥመራ ላይ የተጀመረው የቀይ ኮከብ ዘመቻ። ስለ ዘመቻው ምንም ያላነበበ ወጣት ከመጀመሩ በፊት ካርታ ላይ ሦስት ቦታ ብቻ ይፈልግ፦ አሥመራ፣ ምጽዋ፣ ናቅፋ። ናቅፋ ተራራማው ሰሜን ውስጥ መሆኑን ማወቅ ብቻ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ውጊያ ግልጽ ያደርገዋል። የሰው ብዛት ሁለተኛው እንቅፋት ነው። ለዚህ ቀላል መላ አለ። ወረቀት ቆርጣችሁ ዕልባት አድርጉና አዲስ ስም በመጣ ቁጥር ስሙን፣ ሥራውን፣ የታየበትን ገጽ በአንድ መስመር ጻፉበት። ሃያ መስመር ገደማ ይበቃል። ከሦስት ቀን በኋላ መጽሐፉን ስታነሱ ዕልባቱን አንድ ደቂቃ ብታዩት ወደ ኋላ መገልበጥ አያስፈልግም።

ርዕሱ በአሥመራ ትግርኛ ውስጥ ከጣልያንኛ የገባ ቃል ነው፤ «አበቃ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም» እንደማለት። ንባቡ ውስጥ ቃሉ በመጣ ቁጥር ማን እንደተናገረው ልብ በሉ። በ2017 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል፤ አማርኛ ማንበብ ለማይችሉ ውጭ ላደጉ ዘመዶች የምትልኩት መጽሐፍ ካስፈለገ አሁን አለላችሁ።

ለአውቶቡስና ለታክሲ ከአምስቱ ተመራጩ «ኦሮማይ» ነው። ምልልስ ስለሚበዛው ገጹ አየር አለው፣ ዓይን የት እንደቆመ አይጠፋውም፣ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ባለው መጨናነቅ ውስጥ ስድስት ሰባት ገጽ ይሄዳል። ከ300 ገጽ በላይ ስለሆነ በጉዞ ብቻ በወር ያልቃል። አንድ ማሳሰቢያ፦ የመጨረሻውን አንድ አምስተኛ ለጉዞ አትተዉት። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ተቀምጣችሁ በአንድ ትንፋሽ ጨርሱት።

አደፍርስ፦ እርሳስ ይዞ ለሚቀመጥ

ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን ያሳተመው በዚያው «ከአድማስ ባሻገር» በወጣበት በ1962 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ አማርኛ በስንት መንገድ ሊሄድ እንደሚችል ያያል። የበዓሉ አማርኛ ከተማ ውስጥ ይራመዳል። የዳኛቸው ደግሞ ደብረ ሲና ላይ ቆሞ ሽቅብ ቁልቁል ይጣራል፦ ተረት፣ ግጥም፣ ሙግት፣ የሴቶች ወግ፣ የካህን አነጋገር፣ የተማሪ ክርክር፣ ሁሉም በየራሱ ድምፅ።

ከባድ ነው ሲባል የሚያስቸግረው ምኑ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው የተናጋሪው ማንነት ነው። ደራሲው «አለ»ና «አለች»ን እየደጋገመ አይመራችሁም፤ ማን እንደተናገረ ከአነጋገሩ ማወቅ አለባችሁ። በእርሳስ ከመስመሩ ጎን የተናጋሪውን የስም መጀመሪያ ፊደል ጻፉ። ለሃያ ሠላሳ ገጽ ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ጆሯችሁ ይለምደዋል፣ እርሳሱም አያስፈልግም። ሁለተኛው የገጠር ሸዋ ቃል ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ያልገባውን ቃል ሁሉ ለማግኘት በየመስመሩ ሲቆም ነው። አትቁሙ። ቃሉን አስምሩበትና እለፉ። ሦስት ጊዜ የተመለሰ ቃል ብቻ መዝገበ ቃላት ይገባዋል። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት (እሱም በ1962 የወጣ ነው) እና የከሣቴ ብርሃን ተሰማ የ1951ዱ ለዚህ ዓይነቱ ቃል ከስልክ ፍለጋ ይሻላሉ፤ ምሳሌና ዘይቤ ይዘው ይመጣሉ። ቤታችሁ ከሌለ ቃላቱን ሰብስባችሁ አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ በአንዴ ተመልከቷቸው።

ሦስተኛው ትዕግሥት ነው፣ ለዚህ መላ የለውም። በቀን 12 ገጽ፣ ጠዋት፣ ከሥራ በፊት። ማታ አይሆንም። ያለ እርሳስ የሚነበብ ከሆነ ይህን ወር ዝለሉትና ለዓመት በዓል ዕረፍት አስቀምጡት። እኛ ግን ከአምስቱ አንዱን ብቻ ደግማችሁ አንብቡ ብንባል የምንመርጠው ይህንን ነው። ለውጥ ፈላጊው ወጣትና የቆየው ቤት ሲከራከሩ ደራሲው ለሁለቱም አያደላም፤ አንባቢው ራሱ ወገን ይለያል፣ በሁለተኛው ንባብ ደግሞ ወገኑን ይቀይራል። ጠዋት ያነበባችሁትን ክርክር ምሳ ሰዓት ላይ ለሥራ ባልደረባችሁ ስትደግሙት ትገኛላችሁ።

ሌቱም አይነጋልኝ

የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ሥራ ነው፣ ለረጅም ዓመታት ሳይታተም ቆይቶ የወጣ። ቦታው ውቤ በረሃ፣ የድሮው የቡና ቤቶችና የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ነው፤ በፒያሳ አካባቢ የሚኖር ወይም የሚሠራ ሰው የሚያውቀውን ሰፈር በሌላ ዘመን ሌሊቱን ያያል። ቋንቋው ከአምስቱ ቀላሉ ነው፤ ሰው እንደሚያወራ ተጽፏል። ይዘቱ የአዋቂ ነው፣ የአልጋ ነገር በግልጽ ይነገራል። ልጆች ባሉበት ቤት ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የሚተው አይደለም፤ ለአባት፣ ለአማት ወይም ለአለቃ ስጦታ አድርጋችሁም አትስጡት። ቀላልነቱ ያታልላል፤ በሦስት ቀን ጨርሶ «ይሄው ነው?» የሚል አለ። በዝግታ ስትሄዱ በግልጹ ንግግር ሥር የእነዚያ ሴቶች ኑሮ ብሶትና ደግነት ይታያል። ለዘመኑ የከተማ አነጋገር የበዓሉንና የስብሐትን ማስተያየት ደስ ይላል፤ በዓሉ ያርመዋል፣ ስብሐት እንዳለ ይተወዋል።

ቅጂውን ስትገዙ

መጽሐፉን መርጣችሁ በተበላሸ ቅጂ ምክንያት መተው ያሳዝናል፣ ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። መጽሐፍ የሚታተመው በትልቅ ወረቀት ላይ ሆኖ ተጣጥፎ በጥቅል በጥቅል ይሰበሰባል፤ አንድ ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ 16 ገጽ ነው። ስለዚህ ስሕተት ሲኖር አንድ ገጽ አይጎድልም፤ አንድ ጥቅል ሙሉ ይጎድላል፣ ወይም ሁለት ጊዜ ይገባል፣ ወይም ተገልብጦ ይጠረዛል። ሻጩ ፊት ቆማችሁ የገጽ ቁጥሩን ብቻ በአውራ ጣት እያፈሰሳችሁ እዩ። ከ160 ወደ 177 ከዘለለ መልሱት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ቤት ገብታችሁ መጽሐፉ በጣመበት ቦታ ላይ 16 ገጽ መጉደሉን ከማወቅ ያድናል።

ቀጥሎ ጀርባውን። መሐሉ ላይ ከፍታችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ክር የታየ እንደሆነ የተሰፋ ነው፣ ዕድሜ አለው። ሙጫ ብቻ ከሆነና «ቀጭ» ካለ በሁለተኛው ሳምንት ገጾቹ ይለቃሉ። በተለይ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያህል ወፍራም መጽሐፍ በደካማ ሙጫ ከተጣበቀ የሚሰነጠቀው ከመሐሉ ነው። የለቀቀ ገጽ በፕላስተር አትለጥፉ፤ ፕላስተሩ በጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆንና ወረቀቱን ይዞት ይላጣል። በጠርዙ ላይ ስስ ነጭ ኮላ ቀብታችሁ፣ ቦታው አስገብታችሁ፣ ከባድ ነገር ጭናችሁበት አሳድሩት።

ፎቶ ኮፒ የሆነ ቅጂ በገበያው ሞልቷል፣ ከመጽሐፍ ተመስሎ ተጠርዞ። የሚለየው በፊደሉ ነው። «ሌ» ያለበትን ቃል ፈልጉ። የሌ ቀለበት ክፍት ሆኖ ከታየ ኅትመቱ ደህና ነው። ቀለበቱ በቀለም ተደፍኖ ከ«ሊ» መለየት ካቃታችሁ ቅጂው የቅጂ ቅጂ ነው፣ ዓይናችሁም በአንድ ሰዓት ይደክማል። «ሰ» እና «ስ»፣ «ቀ» እና «ቁ» ላይም ተመልከቱ፤ ቀጭኑ ጭረት መጀመሪያ የሚጠፋው ከነዚህ ነው። በ«ኦሮማይ» ላይ ችግሩ ያን ያህል አይጎዳም፣ ቃሉን ከዓረፍተ ነገሩ ትገምቱታላችሁ። በ«አደፍርስ» ግን የማታውቁትን ቃል በተደፈነ ፊደል መገመት አይቻልም። በዚያ ላይ በተሰረቀ ቅጂ ደራሲው ወይም ወራሾቹ አንዲት ሳንቲም አያገኙም። ሕጋዊው ዕትም ገበያ ላይ ካለ ልዩነቱን ክፈሉ፤ ይህ መጽሐፍ የሚወድ ሰው ግዴታ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የመጀመሪያው ዕትም ነው» ከተባላችሁ የውስጥ ሽፋኑን ጀርባ ግለጡ። የዕትሙ ተራና ዓመተ ምሕረቱ እዚያ ነው። «የመጀመሪያ ዕትም 1958» ከሚለው ሥር ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ የሚወርድ ዝርዝር ካለ በእጃችሁ ያለው የመጨረሻው መስመር ላይ የተጻፈው ነው። ያ ገጽ ከጎደለ በመጀመሪያ ዕትም ዋጋ አትክፈሉ።

ከየት?

አዲስ ለመግዛት የአራት ኪሎ መጻሕፍት መደብሮች ቀዳሚ ናቸው። ፒያሳ ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ስለተለዋወጠ በድሮ አድራሻ መሄድ አያዋጣም፤ አስቀድማችሁ ደውሉ። ያገለገለ መጽሐፍ በብሔራዊ ቴአትር፣ በለገሃርና በስታዲየም አካባቢ ካሉ ሻጮችና አዟሪዎች ይፈለጋል። የምትፈልጉትን ርዕስ ለአንድ አዟሪ ብቻ ንገሩና ሁለት ቀን ስጡት፤ ለሦስት አዟሪ ከነገራችሁ ሦስቱም አንድ ቦታ ሄደው ይጠይቁና ዋጋው በእናንተው ፍላጎት ይወደዳል።

ኪራይ ካገኛችሁ ሒሳቡን አስቀድሙ፦ የቀኑን ኪራይ መጽሐፉ በሚፈጅባችሁ ቀን አባዙት። ውጤቱ ያገለገለው ቅጂ ከሚሸጥበት ዋጋ ግማሹን ካለፈ ግዙት፣ ካነበባችሁ በኋላ ትሸጡታላችሁ። በዚህ ሚዛን «ከአድማስ ባሻገር»ና «ሌቱም አይነጋልኝ» ለኪራይ ይመቻሉ። «አደፍርስ» በጭራሽ አይከራዩትም፤ በእርሳስ ስለምትጽፉበት የራሳችሁ መሆን አለበት።

ያለ ክፍያ ለማንበብ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) አለ፣ በ2014 አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። መጽሐፉ እዚያው ተቀምጦ የሚነበብ መሆኑን አስባችሁ ምረጡ። ቅዳሜን ሙሉ መስጠት ለሚችል ሰው «ፍቅር እስከ መቃብር» በቤተ መጻሕፍት ይሆናል፦ በሰዓት 30 ገጽ፣ አምስት ሰዓት፣ 150 ገጽ፤ በአራት ቅዳሜ ያልቃል። በሳምንቱ መሐል ታሪኩ እንዳይቀዘቅዝ ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ያቆማችሁበትን ገጽና የመጨረሻውን ትዕይንት በሁለት መስመር ጻፉ።

ለአንድ ወር ሁለት መጽሐፍ ማጣመር ለሚፈልግ የሚስማማው «ከአድማስ ባሻገር»ን በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት፣ «ኦሮማይ»ን በቀሩት ሃያ ማንበብ ነው፤ አንድ ደራሲ በ13 ዓመት ልዩነት የት እንደደረሰ ይታያል። «አደፍርስ»ንና «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በአንድ ወር አታጣምሩ። ሁለቱም የቆየው የገጠር ቤት ውስጥ ስለሚያስገቧችሁ ሰዎቹ ይቀላቀሉባችኋል፣ በሃያኛው ቀን ላይ የሰብለን እናት ወይዘሮ ጥሩአይነትን «አደፍርስ» ውስጥ ስትፈልጉ ትገኛላችሁ።